ለሞለኪውል የተላኩ ሽማግሌዎች

ሽማግሌ የሚላከው ልጅ ለመጠየቅ ነው። ወይ የተጣላ ለማስታረቅ፣ ቢበዛ ደግሞ አኩርፋ አባቷ ቤት የገባች ሚስት ለመመለስ። ከእኛ ቤት የወጣው ሽማግሌ ግን የተላከው ለሞለኪውል ነው። ወላሂ አልቀለድኩም። አማቴና የኔታ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ጨብጠው፣ ከሐይቅ ከተማ ደሴ ድረስ የሄዱት በዓይን ስለማይታይ ነገር ሊማጸኑ ነው። እኔም ከኋላቸው ነበርኩ፤ የምነግራችሁም ያየሁትን ነው።

ሐይቅ ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቁጡ ነኝ። ተማሪዎቼ ይህን ያውቃሉ፤ ባለቤቴ ደግሞ ከነሱ አብልጣ ታውቃለች። እሷ የፊዚክስ ሰው ናት። ቀስ ብላ ትናገራለች፣ ስትናደድ ጭራሹን ዝም ትላለች። ሦስተኛ ዲግሪዋን የምትሠራው ደሴ በሚያስተምሩ አንድ አንጋፋ ፕሮፌሰር ሥር ነበር። ስሌቱን እሷና እሳቸው ይሠራሉ፤ ሙከራውን ደግሞ ውጭ አገር ያለ፣ ከፕሮፌሰሩ ጋር የቆየ ወዳጅነት ያለው ላቦራቶሪ ይሠራዋል። እኛ ዘንድ እንኳን ሌዘር፣ ከጦርነቱ የተረፉት የትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፖች እንኳ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ባለቤቴ የነበራት አንድ ላፕቶፕ፣ ሲፈልግ የሚመጣ መብራትና ጭንቅላቷ ነበር።

የምታጠናው ግዙፍ ሞለኪውሎችን ነው። መጀመሪያ ስትነግረኝ ሳቅሁ። ግዙፍና ሞለኪውል እንዴት አንድ ላይ ይሄዳሉ አልኳት። ታገሠችኝና አስረዳችኝ። አቶም መሐሉ ላይ ኒውክለስ አለው፤ በዙሪያው ኤሌክትሮኖች አሉ። ዳር ላይ ያለውን ኤሌክትሮን በሌዘር ብርሃን በልኩ ከገፉት፣ ከአቶሙ ጨርሶ ሳያመልጥ፣ ግን ከኒውክለሱ እጅግ ርቆ መዞር ይጀምራል። ያኔ አቶሙ ያብጣል፤ ከቀድሞው መጠኑ ሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ ይሰፋል። እንዲህ ባበጠው አቶም ሆድ ውስጥ ሌላ ተራ አቶም ሊገኝ ይችላል። ሩቅ የሚዞረው ኤሌክትሮን በመንገዱ ያንን ተራ አቶም ሲያገኘው በትንሹ፣ እጅግ በትንሹ ይስበዋል። ያቺ ትንሽ መሳሳብ ሁለቱን አቶሞች ታስራቸዋለች። እርስ በርስ ሳይነካኩ፣ በመካከላቸው ያን ሁሉ ባዶ ቦታ ይዘው፣ አንድ ሞለኪውል ይሆናሉ።

«ከትልልቆቹ አንዳንዶቹ የትንሽ ባክቴሪያ ያህል ናቸው» ስትለኝ ግን ሳቄን ተውኩት። ባክቴሪያን እኔ አውቀዋለሁ፤ እንጀራዬ ነው። አንዲት ባክቴሪያ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ሞለኪውል ታጭቋል። ሁለት አቶሞች ብቻቸውን ያን የሚያህል ስፍራ ይዘው አንድ ሲሆኑ፣ ሱብሃነላህ፣ ምን ይባላል? የዚያን ቀን ምሳዬ ቀርቦ ቀዝቅዟል፤ እኔ እሷን ስጠይቅ ዋልኩ። ዛሬም ነገሩን ሳስበው ይደንቀኛል፤ መደነቄን ለመደበቅም አልሞክርም።

ችግሩ እነዚህ ሞለኪውሎች ሲበዛ ስስ መሆናቸው ነው። ሙቀት ይበትናቸዋል፤ ስለዚህ ለሙከራው የሚመረጡት ሩቢዲየም የሚባለው ብረት አቶሞች ቅዝቃዜ እስከሚያበቃበት አፋፍ ድረስ እንዲቀዘቅዙ ይደረጋል። እንዲያም ሆኖ የሰከንድ ጥቂት ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ኖረው ይጠፋሉ። እነሱን ለመፍጠር ደግሞ የሌዘሩ ቀለም በትክክል መመረጥ አለበት፤ ትንሽ ዝንፍ ካለ ምንም አይፈጠርም። ላቦራቶሪው «የትኛው ቀለም ላይ እንፈልግ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «እዚህ ጋ» ብለው የሚመልሱት ፕሮፌሰሩና ባለቤቴ ናቸው። እስከዚያ ጊዜ ማንም ያላየውን አንድ ሞለኪውል እዚህ ቦታ ይገኛል ብለው ነበር። የሷም መመረቂያ ያረፈው በዚሁ ላይ ነው። ላቦራቶሪው መሣሪያውን ለዚህ ሥራ የለቀቀው እስከ ክረምቱ መግቢያ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለሌላ ጥናት ይዞራል። እስከዚያ ካልተገኘ የዓመታት ድካሟ «የለም» ተብሎ ይዘጋል።

ፈለጉ፤ አልተገኘም። እንደገና ፈለጉ። ቢገኝ ኖሮ ውጤቱ በሚሳልበት መስመር ላይ አንዲት ትንሽ ጉብታ ትወጣ ነበር፤ የሚላክልን ምስል ግን እንደ ሐይቁ ጠዋት ለጥ ያለ ነው። ባለቤቴ ስሌቱን ከሥሩ ጀምራ ስትመረምር ስህተቱን አገኘችው። የሷ አልነበረም፤ የፕሮፌሰሩ ነበር። ኤሌክትሮኑ ተራውን አቶም ፊት ለፊት ሲያገኘው ያለውን መሳሳብ በሚገባ ቆጥረዋል። በጎን ሲያልፈው የሚፈጠረውን ግን እዚህ ግባ አይባልም ብለው ትተውታል። በፊት በሠሯቸው ሥራዎች እውነትም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በዚህኛው ሞለኪውል ላይ ግን ቦታውን ሁሉ ፈቀቅ የሚያደርገው እሱ ነው። የላቦራቶሪው ሰዎች ያን ያህል ጊዜ የፈለጉት ሞለኪውሉ በሌለበት ነበር።

«በይ ንገሪያቸዋ» አልኳት።

ላፕቶፑን ከደነችው።

«ስልኩ ያውልሽ።»

«ምን ብዬ? ተሳስተዋል ልበላቸው?»

«ተሳስተዋል ነዋ የሚባለው። ሌላ ምን ይባላል?»

ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይቀል ነበር። እሳቸው ግን የመጀመሪያ ዲግሪዋን ልታቋርጥ ስትል ቢሯቸው ቁጭ አድርገው ያስጠኗት፣ ላቦራቶሪውንም በስንት ልመና ያገኙላት ሰው ናቸው። ፊታቸው ስትቀርብ «እሺ ፕሮፍ» ከማለት በቀር ቃል አይወጣትም። ኢሜይል ጻፊላቸው አልኳት፤ ጻፈችና አጠፋችው። የሰው ስህተት በጽሑፍ ይቀመጣል እንዴ አለችኝ። ራሴ እደውላለሁ ብዬ ስልኬን ሳወጣ ከእጄ መነተፈችኝ። ደሴ ሄዳ ትመለሳለች። «ነገርሻቸው?» እላታለሁ። «ሰው ነበር» ትላለች። በሌላ ጊዜ ደግሞ «ደክሟቸው ነበር» ትላለች። ግንቦት እየገፋ ነው። በዚህ ይሉኝታሽ ዲግሪሽን በቁሙ ልትቀብሪው ነው ብዬ ጮህኩባት። እሷም እንደ ልማዷ ዝም አለች፤ ማታውን ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስታለቅስ ሰማኋትና መጮሄን ተውኩ።

አማቴ በወጣትነታቸው ከሐይቅ ባቲ እየተመላለሱ የነገዱ፣ አሁን ደግሞ ሰው በተጣላ ቁጥር የሚጠሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ከአስር ሰላት በኋላ ቤታቸው ተቀምጠን ሳለ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት።

«ከስተሻል። ይኸ ነው የሚያስቸግርሽ?» አሉ፣ በአገጫቸው እኔን እያመለከቱ።

«ኧረ እኔ ምን አደረግሁ?» አልኩ።

«እሱ አይደለም አባባ። ለአንድ ትልቅ ሰው መንገር ያለብኝ ነገር አለ። ፊታቸው ስቆም አንደበቴ ይታሰራል።»

አማቴ የተስቢሃቸውን መቁጠሪያ ዶቃ ጥቂት ገፋ ገፋ አደረጉ። «ሰው ለትልቅ ሰው መናገር ሲያቅተው ሽማግሌ ይልካል። አብሽሪ፤ ይኸ ምን ያስጨንቃል?»

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ዞር ብዬ ባለቤቴን ሳያት እሷም አልሳቀችም፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቷ ላይ ደም ሲመለስ አየሁ።

ሁለተኛው ሽማግሌ የኔታ ሆኑ። የኔታ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በሚወስደው መንገድ ላይ የቤተ ክርስቲያን ተማሪዎች የሚያስተምሩ ሊቅ ናቸው። ከአማቴ ጋር ዘመን የቆጠረ ወዳጅነት አላቸው። አማቴ ለሰላት ሲነሱ የኔታ ወጋቸውን ያቆሙና ይጠብቃሉ፤ የኔታ ጾም ሲይዙ አማቴ ቤት የሚቀርበው ምግብ ይለወጣል። ሁለቱ አንዱ ያለ ሌላው ለሽምግልና አይወጡም። የኔታ በእግራቸው መጥተው አማቴ ግቢ ካለው ዋንዛ ሥር ተቀመጡ፣ ጉዳዩን ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የማላውቀውን ይዤ ሰው ደጅ አልቆምም። መጀመሪያ አስተምሪን» አሉ።

እንዲህ ሆኖ ነው ባለቤቴ ሁለት አዛውንቶችን ስለ ግዙፍ አቶም ያስተማረችው። እኔ ግንዱን ተደግፌ አዳመጥኩ። ከዓመት ዓመት ክፍል ውስጥ የምቆም መምህር ነኝ፤ እንደነዚያ ሁለት ሰዎች የሚያዳምጥ ተማሪ ግን አላጋጠመኝም። ያልገባቸውን ገባኝ አይሉም። አንድ ነገር ሳይጨብጡ ወደሚቀጥለው አያሳልፏትም።

«እና ያ ኤሌክትሮን ቤቱን ትቶ ሩቅ የሚሄድ ነጋዴ ነው በይኛ» አሉ አማቴ።

«እንደዚያ ይያዙት አባባ። ሩቅ ይሄዳል፣ ግን የቤቱ ነው።»

«እኔም ባቲ ወዳጅ ነበረኝ። እሱ አንድ ቀን ሐይቅ መጥቶ አያውቅም፤ ቤቴም ባቲ ሄዶ አያውቅም። ሁለቱ ቤት ግን ዘመድ ነበር፤ እሱ ቤት ልጅ ሲወለድ እዚህ ይታረድ ነበር። ያገናኘን የእኔ መመላለስ ነው።» ጥቂት አሰቡ። «መሄዴን ባቆም ኖሮስ?»

«ኤሌክትሮኑ ወደ ቤቱ ከተመለሰ ሞለኪውሉ ይፈርሳል።»

«ስንት ጊዜ ይቆያል?»

ነገረቻቸው። ከዚያ የኔታ ጠየቁ። «እንዲህ ቶሎ የሚጠፋውን ማን አየው?»

ይህን ጥያቄ ስትመልስ ባለቤቴን ብታዩዋት። ያቺ ዝምተኛ ሴት እጇን እያወናጨፈች፣ መሬቱ ላይ በስንጥር መስመር እያሰመረች ተናገረች። ሞለኪውሉን በዓይኑ ያየ የለም፤ የሌዘሩን ቀለም ጥቂት በጥቂት እየቀያየሩ ይሞክራሉ። ያበጠው አቶም ብቻውን ሲሆን የሚፈጠርበት የታወቀ ቀለም አለ። ሞለኪውሉ ደግሞ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ የራሱ ቀለም አለው። እዚያ ሲደርሱ ይፈጠራል፤ ወዲያው ኤሌክትሮኑን ነጥለው የቀረውን ይቆጥሩታል። ቁጥሩ ከፍ ካለ መስመሩ ላይ ጉብታ ይወጣል፤ ሞለኪውሉ እንደነበረ የሚታወቀው በዚያ ነው። በሌላው ቀለም ሁሉ ምንም የለም።

«ቦታውን ቀድሞ የሚነግራቸው ማን ነው?» አሉ የኔታ።

«እኛ ነን የኔታ። ፕሮፌሰሩና እኔ።»

«ስለዚህ ቦታው ከተሳተ፣ ነገሩ እያለ የለም ሊባል ነው።»

«አዎ» አለች። «ያለ ነገር ነው። እኔ አውቀዋለሁ።»

የኔታ «እንግዲህ በቃል እንያዘው» አሉ። የልጅ ትምህርታቸው እንደዚያ ነው፤ ያልተሸመደደ ነገር ተማርኩ አይሉም። አማቴን ጠያቂ እያደረጉ፣ ራሳቸው እየመለሱ፣ ደግሞ ተራ እየቀያየሩ አጠኑት። ባለቤቴ የተሳሳተውን ታርማለች። ስለ ጎን መሳሳቡ ሲደርሱ አማቴ ደጋግመው ይስቱ ነበር፤ የኔታ ግን ቅንጣት አላለፏቸውም።

እሑድ፣ የኔታ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ ሚኒባስ ያዝን። እኔ መንገድ መሪና ቦርሳ ያዥ ነኝ፤ ስሌቱ ያለበትን ፍላሽ ኪሴ ከትቻለሁ፣ አፌን እንድዘጋም ከቤት ስንወጣ ተነግሮኛል። ላኪዋ በደንቡ መሠረት ቤት ቀረች። ሽማግሌዎቹ መንገዱን ሁሉ ጥናታቸውን አላቋረጡም።

«ፊት ለፊት ሲገናኙ?» ይላሉ የኔታ።

«ይሳሳባሉ» ይላሉ አማቴ።

«በጎን ሲተላለፉስ?»

«የተረሳው እሱ ነው።»

ከፊታችን የተቀመጠች ሴት ዞር አለች። «አባቶች፣ ማንን ነው የምታሙት?»

«ኤሌክትሮንን» አሏት አማቴ። ሴትዮዋ የሰው ስም መስሏት ነው መሰል፣ አላውቀውም ብላ ፊቷን መለሰች።

ፕሮፌሰሩ ቤታቸው ደሴ ዳገቱ ላይ ነው። በሩን ራሳቸው ከፈቱልን። ሁለት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ ከኋላቸው እኔ የክት ልብሴን ለብሼ። ፕሮፌሰሩ ያላገባች ልጅ አለቻቸው። ባለቤታቸው ከውስጥ አየት አድርገውን ወደ ጓዳ ሲሮጡ፣ የሚንሾካሾክ ድምፅና የሚዘጋ በር ሰማሁ። ምን እንዳሰቡ ገባኝና ላብ አጠመቀኝ። እኔ ያገባሁ ሰው ነኝ ብዬ ልናገር ነበር፤ ግን አፍህን ዝጋ ተብያለሁ።

«ግቡ፣ ግቡ። እዚህ ጋ ቁጭ በሉ አባቶቼ» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«አንቀመጥም» አሉ አማቴ። «ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው።»

«ጉዳዩም ቢሆን ቁጭ ተብሎ ነው።»

«እሺ ሳይሉን አንቀመጥም።»

ለስላሳ መጣ፤ አልተነካም። ፕሮፌሰሩም እንግዶቻቸው ቆመው መቀመጥ አልቻሉምና ሳሎኑ ውስጥ አራታችንም ቆምን። አማቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የመጣነው ስለ ሞለኪውል ነው» አሉ።

ፕሮፌሰሩ የሰሙትን ያመኑ አልመሰሉም። ከጓዳ የመጡት ባለቤታቸውም ባሉበት ደረቁ። ያኔ የኔታ ጀመሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሳይቸኩሉ፣ ቃል ሳይስቱ ተወጡት። ያበጠው አቶም፣ ሩቅ የሚሄደው ኤሌክትሮን፣ በሆዱ የተገኘው ተራ አቶም፣ ፊት ለፊት የተቆጠረው፣ በጎን የተተወው፣ በዚያም ምክንያት የተሳተው ቦታ። ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ ፈገግ ብለው ነበር። ስለ ጎን መሳሳቡ ሲደርሱ ፈገግታው ከፊታቸው ጠፋ።

«ይህን ማን ነው የነገራችሁ?»

«ልጃችን ናት» አሉ አማቴ። «አንቱን እንደ አባቷ ስለምታይ ፊትዎ ቆማ መናገር አቃታት። ጊዜው ደግሞ እያለቀ ነው። አሁን ስለ እኛ ብለው፣ ስለ ሽበታችን ብለው፣ ቦታውን ይቀይሩላት።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ፊታቸው ቀልቷል። ድምፃቸው ግን ዝቅ ያለ ነበር። «አባቶቼ፣ የሰው ጉዳይ ቢሆን ስለ ሽበታችሁ ብዬ እሺ እል ነበር። በድያት ቢሆን ይቅርታ እጠይቃት ነበር። ቁጥር ግን ለማንም ተብሎ አይቀየርም። ለናንተ ብዬ ከቀየርኩት ሥራው ሁሉ ውሸት ይሆናል።»

አማቴ፣ እኚያ ስንቱን ደም ያስታረቁ ሰው ከዘራቸውን እያዩ ቆሙ፤ በሕይወታቸው «ለሽበታችሁ ተብሎ አይሆንም» ተብለው የሚያውቁ አይመስለኝም። አለቀልን ብዬ አሰብኩ። ባለቤቴ ቤት ሆና በሩን በሩን ስታይ ታየችኝ። ደሜ ፈላና አፌን ስከፍት፣ የኔታ የከዘራቸውን ጫፍ ጫማዬ ላይ አሳረፉት፤ ጫን አድርገውም ያዙት።

«ስለ እኛ ብለው ይቀይሩት አንልም» አሉ የኔታ። «ወዳጄ ከልማድ ነው የተናገሩት። እኛ የምንለው ስለ እኛ ብለው ይዩት ነው። አይተው ልክ ካልሆነ ይጣሉት፤ እኛም ለልጃችን ልክ አይደለሽም ብለን እንነግራታለን።»

ፕሮፌሰሩ ወደ እኔ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። «ስሌቱን ይዘኸዋል?» ፍላሹን ሰጠኋቸው። ጨበጡትና «አየዋለሁ። አሁን ቁጭ በሉልኝ» አሉ።

ተቀመጥን። ለስላሳውም ተጠጣ። የተናገሩት አንዲት ቃል ናት፤ ግን የተከበረ ሰው በገዛ ቤቱ፣ በሚስቱ ፊት፣ ስህተት አለብህ ተብሎ «አየዋለሁ» ሲል ምን ያህል እንደሚከብድ እኔ አውቃለሁ። እኔ ብሆን በሩን እዘጋባቸው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኚያን ሰው እወዳቸዋለሁ።

ባለቤቴ አውራ ጎዳናው ላይ ወጥታ ጠበቀችን። «ተቆጡ?» የመጀመሪያ ጥያቄዋ ይኸ ነበር። አልተቆጡም አልኳት። «አዘኑ?» አለችኝ።

በሳምንቱ መሐል ስልኳ ጮኸ። እሳቸው ናቸው። ተነስታ ቆማ አነሳችው፤ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ «ያንቺ ቦታ ላይ እንዲፈልጉ ጽፌላቸዋለሁ» አሉና ዘጉት። ስልኩን በእጇ እንደያዘች ቆመች። ልክ ነሽ አላሉም። ጎበዝም አላሉም። ደስ ይበላት ወይስ ትፈር አላወቀችም። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ላቦራቶሪው መሣሪያውን ወደ ሌላ ጥናት ሊያዞር ቀኑ እየተቃረበ ነው። ባለቤቴ ወጥ ታማስልና እሳቱን ማጥፋት ትረሳለች። አማቴ ከጁምዓ በኋላ ዱዓ አስደረጉ፤ ለምን እንደሆነ ከሰጋጁ ጀማዓ የጠየቃቸው ቢኖር ምን ብለው እንደመለሱ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። የኔታም በበኩላቸው ተማሪዎቻቸውን ጸሎት አስይዘው እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

ምስሉ የመጣው ክፍል ውስጥ ሳለሁ ነው። ባለቤቴ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥታ በመስኮት ጠራችኝ፤ እንደዚያ አድርጋ አታውቅም። ልጆቹን ትቼ ወጣሁ። ቴሌግራም ላይ የተላከው ምስል ገና አልወረደም፤ ስትወጣ ኔትወርኩ ተቋርጦባት እዚያው ደብዝዞ ቆሟል። ግቢው ውስጥ ስልኩን ወደ ላይ ከፍ እያደረግን ዞርን። አጥሩ ጥግ ስንደርስ ምስሉ ጠራ። ለጥ ያለ መስመር፣ ከዚያ አንዲት ትንሽ ጉብታ፣ ከዚያ እንደገና ለጥ ያለ። ጉብታዋ የወጣችው ባለቤቴ ይገኛል ባለችበት ቦታ ነው።

በጣቷ አጎላችው። መልሳ አሳነሰችው። «ይቺው ናት» አለች። ከዚያ አጥሩን ተደግፋ ቁጭ አለች፤ እኔም አጠገቧ አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት አቶሞች በአንድ ኤሌክትሮን መመላለስ ተሳስረው፣ ማንም ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀውን አካል ሠርተው፣ ኖሩ ከማይባል ጊዜ በኋላ ተለያይተዋል። የት እንደሚገኙ የተናገረችው ሐይቅ ላይ፣ በሚቆራረጥ መብራት የምትሠራ ሚስቴ ናት። ኮራሁ። ተማሪዎቼ በመስኮት ተደራርበው ሲያዩን አንድም ቁጣ አልወጣኝም፤ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይኸ ብርቅ ነው።

ክረምቱ ሲጋመስ ፕሮፌሰሩ ከባለቤታቸው ጋር ሐይቅ መጡ። ለሽማግሌዎቹ ስኳርና ብርቱካን ይዘዋል። አማቴ ግቢ ከዋንዛው ሥር ተቀመጥን፣ የሐይቁ ዓሣ ተጠብሶ ቀረበ፤ ያን ቀን ጾም አልነበረምና የኔታም በሉ። ፕሮፌሰሩ ሽማግሌዎቹን አመሰገኑ። ጨዋታው ደራ፤ ባለቤታቸው እኔን ያላገባ ጎረምሳ እንደመሰልኳቸው ሲያወሩ ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለቤቴ ብቻ ሳህን ታነሳለች፣ ውሃ ታቀርባለች፣ አትቀመጥም። ፕሮፌሰሩ ጠሯትና አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ተቀይሜሻለሁ» አሏት።



«ስለ ስህተቱ አይደለም። ስህተትማ የሰው ነው። ስህተቱን ካወቅሽው በኋላ ስንት ጊዜ ቢሮዬ መጣሽ? እኔ እዚያው የተሳሳተ ቦታ ላይ ፈልጉ እያልኩ ስጽፍላቸው አጠገቤ ተቀምጠሽ ነበር። ‘እሺ ፕሮፍ’ ትዪኝ ነበር። ያከበርሽኝ መስሎሽ ነው፤ ግን ብቻዬን ነው የተውሽኝ።»

ባለቤቴ አንገቷን ደፋች፤ እንባዋ ቀሚሷ ላይ ሲወርድ አየሁ። አማቴ ሊናገሩ ፈልገው ነበር፤ የኔታ በዓይናቸው ያዟቸው።

ፕሮፌሰሩ ከቦርሳቸው ላፕቶፕ አወጡ። የሚቀጥለውን ሥራ ጀምረውት ነበር፤ ባበጠው አቶም ውስጥ ሁለት ተራ አቶሞች የሚገኙበት፣ የሦስትዮሽ ሞለኪውል ስሌት ነው። ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አደረጉላት። «እዪው» አሏት።

አየችው። ወረድ አደረገች፣ መልሳ ወጣች፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። እዚያው ቦታ ላይ ቆየች። ስታስብና ስትፈራ ፊቷ እንደሚለያይ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ነበሩበት። አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው። አማቴ ተስቢሃቸውን ይዘው ወደ ሐይቁ ዞሩ። የኔታን አየች፤ እሳቸውም ዓሣው ውስጥ አጥንት የሚፈልጉ መሰሉ። ወደ እኔ ስትዞር አፌ ሊከፈት ደረሰ፤ ጥርሴን ነክሼ መሬት መሬቱን አየሁ።

የሻሿን ጫፍ በጣቷ ጠምዝዛ ያዘች።

«ፕሮፍ» አለች። «እዚህ ጋ ተሳስተዋል።»

ፕሮፌሰሩ ወንበራቸውን ወደሷ ሳቡ።

«የቱ ጋ?» አሏት።